‹ቢትል› የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ፦ ትርጉሙ፣ አገባቡና በትምህርት ያለው ስፍራ

አንድ ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ መገኘቱ ብቻ ለትምህርት ተገቢ አያደርገውም፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚነገር መሆኑም ከትምህርት አያስወጣውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ‹ቢትል› የተባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ በምሳሌነት ወስዶ፣ እንግዳ ቃላትን በአንድ የአማርኛ አቻ ብቻ የማስጠናትን ልማድ መተቸት ነው። ግሡ የሚያመለክተው የመሬት ገጽ በዓይን ሊታይ ስለሚገባው፣ ለማነጻጸሪያ በሰሜን ሸዋ የሚገኘው ጣርማ በር ተመርጧል።

1. ትርጉሙና ታሪኩ

‹ቢትል› በእንግሊዝኛ ብዙ ፍች ያለው ቃል ነው። በስምነቱ ጥንዚዛን ያመለክታል፤ ከእንጨት የተሠራ ከባድ መዶሻም በዚሁ ስም ይጠራል። በግሥነቱ ደግሞ በተራ ንግግር ተጣድፎ መሄድን ይገልጻል። እዚህ የተያዘው ፍች ግን ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም ገደል፣ ቋጥኝ ወይም ቅንድብ ወደ ፊት ወጥቶ ከበታቹ ባለው ላይ ማጥላቱ ነው። አቻውን ከመዝገበ ቃላት የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚገለብጥ ተማሪ፣ ስለ ገደል በሚናገር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጥንዚዛ አግኝቶ ግራ ይጋባል።

ቅጽሉ ከግሡ ይቀድማል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ቅንድቡ የከበደና ወደ ፊት የወጣ ሰው የሚገለጽበት ጥምር ቅጽል ነበር። ቃሉን ወደ ግሥነት ለውጦ ለገደል ያዋለው ሼክስፒር ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሐምሌት ተውኔት፣ በ1ኛው ገቢር 4ኛ ትዕይንት፣ ሆራሺዮ ልዑሉ መንፈሱን ተከትሎ እንዳይሄድ ሲያስጠነቅቅ ግሡ ይገኛል። እንደ ሆራሺዮ ሥጋት፣ መንፈሱ ሐምሌትን ወደ አስፈሪ ገደል ጫፍ ወስዶ አእምሮውን ሊያስተው ይችላል። ሼክስፒር በዚህ ስፍራ ‹ተንጠለጠለ› የሚል ተራ ግሥ ቢጠቀም ኖሮ ከፍታውን እንጂ ዛቻውን ባልገለጸ ነበር። ከቅንድብ የተወሰደው ግሥ ግን ገደሉን ፊቱን አጥቁሮ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ያስመስለዋል። የግሡ ኃይል ከዚህ የመጣ ነው።

2. አገባቡ

ግሡ ተሳቢ አይሻም፤ ስለዚህም ወደ ተገብሮ አይለወጥም። ከበታቹ ያለውን ነገር የሚያስከትለው ‹ኦቨር› በሚለው መስተዋድድ አማካይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም ‹ቢትሊንግ› በሚለው ቅጹ፣ ገደልን ወይም ቅንድብን ከሚያመለክት ስም በፊት ሆኖ ነው። ይህም ቢሆን የጽሕፈት ቋንቋ እንጂ የዘወትር ንግግር አይደለም።

3. ወደ አማርኛ ሲመለስ

‹ተንጠለጠለ› ከላይ ታስሮ የሚወዛወዝን ነገር ያሳስባል፤ ገደል ግን በግርጌው ተተክሎ የቆመ ነው። ‹አዘነበለ› ሊወድቅ የተቃረበን ነገር ያመለክታል። ‹አንዣበበ› ለደመናና ለአሞራ ይስማማል። ‹አጠላ› ጥላውን እንጂ ቅርጹን አይሰጥም። አማርኛ ግን መፍትሔ አላጣም፤ የመሬትን ገጽ በሰው አካል መሰየም የቆየ ልማዱ ነውና። የተራራ ራስ፣ ወገብና እግር ይባላል፤ ‹አፋፍ› የሚለው ቃልም ከ‹አፍ› ጋር ይዛመዳል። በዚህ መንገድ ‹ቅንድቡን ቁልቁል የጣለ ገደል› ቢባል ለግሡ ፍች ይቀርባል።

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ይደርሳል፤ ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከላይ የቆመ ሰው የሚያየው አፋፉን ነው። የገደሉን ግንባር የሚያየው ግን ከግርጌ ወይም ከጎን ሆኖ የሚመለከት ነው፤ ግሡም የሚሻው ይህንኑ አመለካከት ነው። ይሁን እንጂ ቁልቁለቱ ሁሉ ‹ቢትል› በሚለው ግሥ አይገለጽም፤ የሚገለጸው አለቱ ከግርጌው አልፎ ወደ ፊት የወጣበት ስፍራ ብቻ ነው። መምህሩ ቃሉ የሚነገርበትንና የማይነገርበትን ስፍራ ጎን ለጎን ቢያሳይ ወይም በሰሌዳ ላይ ቢሥል፣ በአንድ ቃል ከሚሰጥ አቻ ይልቅ ፍቹን ያብራራል።

4. በሥርዓተ ትምህርት ያለው ስፍራ

ሚካኤል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው፣ 2,000 ያህል ዋና ዋና የእንግሊዝኛ ቃላትን በያዘው ዝርዝር ውስጥ ‹ቢትል› የለም፤ ‹ሃንግ› እና ‹ሊን› የተባሉት ተራ ግሦች ግን አሉ። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳይንሱንም ሒሳቡንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለሆነም ተራ ግሦችን ሳያውቅ እንግዶችን በቃሉ እንዲያጠና ማድረግ፣ ለሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ የሚያስፈልገውን ጊዜ መውሰድ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ለማንበብ ብቻ የሚፈለጉትን ቃላት ተማሪው ራሱ ሊጽፍባቸው ከሚገቡት ለይተው ማመልከት አለባቸው፤ ‹ቢትል› ከመጀመሪያዎቹ ይመደባል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ቃል በምንባብ ውስጥ ሲገኝ እንጂ በተናጠል ዝርዝር መቅረብ የለበትም። ሦስተኛ፣ ፈተና አቻ ቃልን ከመጠየቅ ይልቅ፣ ተማሪው ቃሉን በተገኘበት ዐረፍተ ነገር መረዳቱን ቢመዝን ይመረጣል። ፈተናው አቻ ቃል መጠየቁን እስከቀጠለ ድረስ፣ መምህሩ ዝርዝር ማስጠናቱን ይተዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።