ነጭ ሽጉጥ

«ሽጉጥ» የሚለው ቃል ከወዴት እንደመጣ ልብ ያለው ስንቱ ይሆን? «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ ነው የወጣው። ብብት ስር የገባ፣ መቀነት ውስጥ የተወሸቀ፣ ለዓይን ያልተሰጠ ነገር ማለት ነው። የረጃጅሞቹን መሣሪያዎች ስም ከባለቤቶቻቸው ተቀብለን ለአፋችን እንዲመች አድርገን ነው የቀረጽነው። የፈረንሳዩ «ፊዩዚ ግራ» ውጅግራ ሆነ፤ «ለቤል» ለበን ተባለ፤ የእንግሊዙ «ስናይደር» ሰናድር፣ የኦስትሪያው «ማንሊኸር» ምንሽር፣ ቤልጅግ አገር የተሠራው ደግሞ በአገሩ ስም በልጅግ ተብሎ ቀረ። ሽጉጥን ግን በገዛ ግሳችን ሰየምነው። ስሙን ያወጣለት ሰው የዕቃው ጠባይ በደንብ ገብቶታል። ሽጉጥ ከታየ ወይ ሊተኮስ ነው፣ ወይ ባለቤቱ ሰክሯል።

ታዲያ ይህ «ነጭ ሽጉጥ» የሚሉት ነገር ምን ይባላል? እንዲሸጎጥ የተሠራውን ዕቃ እንዲያብረቀርቅ የምንፈልገው ለምንድን ነው?

አዲሱ ገበያ የጎጃም መንገድ አፍ ነው። ረዳቶቹ «ሱሉልታ! ጫንጮ!» እያሉ ሲጣሩ ይውላሉ። ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ከመውረዱ በፊት መጀመሪያ የሚራገፈው እዚያ ነው፤ የጤፉ ዋጋ፣ የመንገዱ መዘጋት፣ የእገሌ ልጅ ሠርግ። ከዚህ ሁሉ መሀል ሳያረጅ የሚኖረው ግን የመሣሪያ ወሬ ነው። ከሰፈሩ ግሮሰሪዎች በአንዱ አንድ ጎልማሳ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ፦

«የአያቴ ሽጉጥ አለ እኛ ቤት። ማይጨው ላይ ከጣሊያን መኮንን የማረኩት። ነጭ ነው፣ ስቴንለስ! ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዝገት ነክቶት አያውቅም።»

ጠረጴዛውን የከበበው ሰው ሁሉ አጀብ አለ። ከጥግ በኩል የተቀመጡ፣ ዕድሜያቸውን በመሣሪያ ጥገና የጨረሱ አንድ አዛውንት ብቻ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ ስቴንለስ ከሆነስ አያትህ ማይጨው ላይ አልማረኩትም» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«አልተሠራማ!»

አዛውንቱ እውነታቸውን ነው። ስቴንለስ የምንለው አይዝጌ ብረት የተወለደው በመሣሪያ ምክንያት መሆኑ ራሱ አንድ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ በተባለችው የእንግሊዝ የብረት ከተማ፣ ሃሪ ብሪርሊ የተባለ ባለሙያ የጠመንጃ ቱቦ ከውስጥ በባሩድ እሳት እየተበላ እንዳያልቅ መላ ሲፈልግ፣ ብረት ላይ ክሮሚየም እየጨመረ ይሞክር ነበር። በዚህ መሀል የማይዝገው ብረት እጁ ገባ። ሲሳዩ ግን ጠመንጃ ሳይሆን ቢላዋና ሹካ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ ድስቱም ጭልፋውም ከእሱ ነው። ወደ ሽጉጥ ለመመለስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀበት። የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ሞዴል 60» የተባለችውን ባለ አምስት ጥይት ሪቮልቨር ከአይዝጌ ብረት ሠርቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከዓይነቱ የመጀመሪያዋም እሷ ነች። አውቶማቲኮቹ ከዚያም ዘግይተው በ1970ዎቹ ነው የመጡት። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ችግር ነበረባቸው፤ ሁለት አንድ ዓይነት አይዝጌ ብረቶች እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ይነካከሳሉና፣ ስላይዱ ላይ ቅባት ካላበዙበት መሥራት ያቅተው ነበር። የማይጨው ጦርነት የተደረገው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። በማይጨውና በመጀመሪያው ስቴንለስ ሽጉጥ መካከል ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለ።

እንግዲህ የጎልማሳው ሽጉጥ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ አባትየው ወይም አጎትየው በኋላ ዘመን ገዝተውት፣ አያትየው በውርስ ሳይሆን በወሬ የተሰጣቸው ነው፤ ወይም ደግሞ ጥቁር የነበረው ሽጉጥ ኒኬል ተነክሯል። መለየቱ ከባድ አይደለም። ኒኬል ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ንጣት አለው፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይላጣል፣ ከስሩም ጥቁሩ ብቅ ይላል። አይዝጌው ብረት አመድማ ነው፤ ቢቧጨርም ውስጡና ውጪው አንድ ቀለም ነው።

ነጭ ሽጉጥ ሁሉ የከንቱ ውዳሴ ውጤት ነው ማለቴ አይደለም። ኮልትም ሆነ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ከፋብሪካቸው ጭምር ኒኬል አልብሰው ይሸጡ ነበር፤ ላብና ዝናብ ከሚበላው ብረት ይሻላል ብለው ነው። ፋብሪካ ያነጣው ነጭ ነው፤ ጸብ የለኝም። ቅሬታዬ ከፋብሪካ ጥቁር ሆኖ ወጥቶ፣ ታሪክ ተሸክሞ ከኖረ በኋላ በእኛ እጅ ነጭ በተደረገው ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ጣሊያን ይዞብን ከመጣው ሽጉጥ ዋነኛው የ1934ቱ ቤሬታ ነው። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጥይቱም አጭር ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። አርበኞቻችን ከማረኩት መካከል በየሣጥኑ የቀረ አለ። የዚህ ሽጉጥ ጎን የሚነበብ መጽሐፍ ነው። የሠሪው ስም አለ፣ ጋርዶኔ የተባለው የፋብሪካው ከተማ አለ፣ የተሠራበት ዓመት አለ። ከዓመቱ ቀጥሎ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ ሌላ ዓመት ይከተላል፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የተቆጠረው የፋሺስቶች ዘመን ነው። የንጉሡ ጦር ንብረት ከሆነም «አር ኢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ተመትተውበታል። እንግዲህ አስቡት። «1935» የሚል ከሆነ ከወራሪው ጦር ጋር ሊመጣ ይችላል፤ «1937» ካለ ግን ማይጨው ላይ ሊማረክ አይችልም፤ ከዚያ በኋላ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የተገኘ መሆን አለበት። የአያትን ታሪክ የሚያጸና ወይም የሚያርም ማስረጃ በአውራ ጣት ስፋት ብረት ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

ኒኬል ለማስነከር ደግሞ መጀመሪያ ብረቱ መፋቅ አለበት። እስኪያንጸባርቅ ይፋቃል፣ ይወለወላል፣ ከዚያ ነው የሚነከረው። ፊደላቱ ይሳሳሉ፤ ባለሙያው ጎበዝ ከሆነ ጭራሽ ይጠፋሉ። አንድ ሰዓት በማይሞላ ፍተጋ የአያት ምስክር አፉ ተዘጋ ማለት ነው። የልጅ ልጁ ግን «አሳመርኩት» ይላል! በሌላው ዓለም አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች እንዲህ የተደረገበትን ዕቃ በግማሽ ዋጋ እንኳ ለመግዛት ያቅማማሉ። እነሱ የሚከፍሉት ለቀለም ሳይሆን ለጭረቱና ለማኅተሙ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ነጭ ነው?» ብሎ ነው።

ይህ የማብረቅረቅ ፍቅር አዲስ አይደለም። ከታሪካችን ሽጉጦች ሁሉ ዝነኞቹ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ቴዎድሮስ የላከቻቸው ጥንድ ሽጉጦች ናቸው። በ1862 እ.ኤ.አ. ቆንስል ካሜሮን ነው ያደረሳቸው፤ ንጉሡ ለቀድሞው ቆንስል ለፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት ምስጋና መሆኑ በብር ላይ ተቀርጾ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አምጪው ካሜሮን በሰንሰለት ታሰረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲገባ ንጉሡ ራሳቸውን የሰዉት ከእነዚሁ ሽጉጦች በአንዱ ነው። ይህን ታሪክ ስንተርክ የምናደምቀው ጀግንነቱን ነው፤ ይገባዋልም። የብሩን ጽሑፍ ግን ዘለን እናልፋለን፤ ትልቁ ምጸት ያለው እሱ ላይ ሆኖ ሳለ።

አሮጌ መሣሪያ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ካስፈለገ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ እንጦጦ መውጣት ይበቃል። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ከታጁራ በግመል ያስጫነውን ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ እንጦጦ ደርሶ ነበር። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ዘመን ያለፈባቸው፣ ቤልጅግ አገር ታድሰው የተላኩ ነበሩ። ራምቦ ብዙ አትርፋለሁ ብሎ ነበር የመጣው። ምኒልክ ግን ዕቃውን አይተው ዋጋውን ሰበሩት፤ የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳም ከሂሳቡ ላይ ተነሳበት፤ የቀረውንም ገንዘብ ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል ተባለ። ባለቅኔው በደብዳቤዎቹ ውስጥ ሲያማርር ይነበባል። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አድዋ ላይ የዘመተው ንጉሥ ብረት በብልጭታው የሚገዛ ሰው አልነበረም።

ዛሬ አሮጌ ሽጉጥ መሰብሰብና መተኮስ በሌላው ዓለም ሕግ ያለው ነገር ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. እስከ 1898 የተሠራውን መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጥሩታል። እንግሊዞች ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ደንብሌን በተባለች የስኮትላንድ ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ አሥራ ስድስት ሕፃናትና አስተማሪያቸውን በሽጉጥ ከገደለ በኋላ፣ በዓመቱ ሽጉጥን ከግለሰብ እጅ ከለከሉ። ከልክለውም ለታሪካዊ ሽጉጦች ጠባብ ቀዳዳ ተዉ፤ አንዳንዱ ሽጉጥ በተፈቀደለት ተኩስ ቦታ ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ ባለቤቱ እዚያው ሄዶ ተኩሶ፣ እዚያው ጠርጎ፣ እዚያው መልሶ ቆልፎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባል። ሰው በሚወደው ነገርና በሕዝብ ደኅንነት መካከል እንዲህ ያለ ድንበር ሲሰመር አይቼ ቀንቻለሁ።

እኛስ? የእኛ «ተኩስ ቦታ» ሠርግ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ጥምቀት ነው። ጥይት ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ ሰማይ ግን ጥይት አያስቀርም። መልሶ የሚያወርደው ደግሞ ሙሽራውን ለማየት የመጣችው ልጅ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገር በሽለላውና በቀረርቶው ውስጥ አንድም ቃል አይሰማም፤ እዚያ ጥይት ሁልጊዜ ጠላትን ብቻ ነው የሚያገኘው። ፉከራችንን እወዳለሁ፤ በዚህ በኩል ግን ያጎደለው አለ።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል ካደረገ በኋላ፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን ጦርነት ሆነ፤ በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያ ተቀሰቀሰ። ከዚያም በፊት ቢሆን የኮንትሮባንድ «ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ» ተያዘ የሚለው የፖሊስ ዜና የማታ እራታችን ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን ስለ አሮጌ ሽጉጥ ውበት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ልጁ በጥይት ለሞተበት ሰው የቤሬታ ማኅተም ምኑ ነው? ምኑም አይደለም። በዚያው ልክ ደግሞ፣ አሮጌውን ከአዲሱ፣ የታሪኩን ከኮንትሮባንዱ መለየት ያልቻለ አገር ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚፈራው። የሚፈራውን ደግሞ ሰው ይደብቃል፤ የደበቀውን ያልባለቤቱ ያገኘዋል፤ ያገኘው ያነጣዋል፣ ይሸጠዋል። የአርበኛው ቤሬታ መንገድ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ወደ ሙዚየም የገባውም ቢሆን ብዙም አልተጠቀመ። በመስታወት ውስጥ ተኝቶ፣ ከስሩ «ሽጉጥ» የሚል ወረቀት ያለበት ዕቃ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ሽጉጥ መሆኑንማ ማን አጣው! የማን ነበር? በየትኛው ውጊያ ተገኘ? ጎኑ ላይ ምን ይላል? ወረቀቱ ዝም ነው። መስታወቱ ግን ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ይህችኛዋን ሳላነሳት ማለፍ አቃተኝ።

ለአዲሱ ገበያው ጎልማሳ የሚሆን ሐሳብ ቢጠየቅ ያለኝ ቀላል ነው። ሽጉጡን በሕጉ መሠረት ማስመዝገብ። ከዚያ ማኅተሙን፣ ዓመቱንና ቁጥሩን ሳይፍቁ እንደተጻፈው መገልበጥ። አያቱ ከማን፣ የት ቦታ፣ በየትኛው ዓመት እንዳገኙት፣ ይህንንም ማን ለማን እንደነገረው መጻፍ፤ «ማይጨው ነው» የሚለው ካልገጠመ «ማይጨው አይደለም» ብሎ መጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ኒኬል ለማስነከር ከሚጠየቀው ገንዘብም በጣም ያንሳል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው።