ለሁለት ዓመት የሚበቃ እህትነት

በወታደር ሰፈር የሴቶች ኅብረት የምታገለግል ሴት ከሁሉ አስቀድማ አንድ ነገር መቀበል ይኖርባታል፤ ዛሬ አጠገቧ ተቀምጣ የምትጸልየው እህት ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያ አትገኝም። እሷም ራሷ አትገኝም። የአሜሪካ ጦር አባላቱን ከቦታ ቦታ ሲያዛውር ቤተሰብም አብሮ ይነቀላል። ዝውውሩ የሚበዛው ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ስለሆነ መስከረም ላይ ኅብረቱ ሲከፈት ግማሹ ፊት አዲስ ነው። አምና ልጇን ያዘልሽላት ሴት ጀርመን ገብታለች፤ ጸሎት ትመራ የነበረችው ቴክሳስ ናት።

ያደግሁበት የአዲስ አበባ የሴቶች ኅብረት እንዲህ አልነበረም። እናቶቻችን አብረው ወልደው፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ድራ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረው ያረጁ ናቸው። መተማመናቸውን ያመጣው ዘመን ነው። ከመካከላቸው አንዷ በጸሎት ሰዓት ስታለቅስ ምን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቃል። በጦር ሰፈር ያ ዘመን የለንም። የዚህ አገልግሎት ሙያ፣ እኔ እንደማየው፣ ሠላሳ ዓመት የሚፈጀውን መቀራረብ በሁለት ዓመት ሠርቶ ለሌላ እጅ ማስረከብ ነው።

ባለቤቴ በዲቪ መጥቶ ነው ወታደር የሆነው። የእሱ ዓይነት ብዙ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለውትድርና መመዝገብ ይችላል፤ በአገልግሎቱም ዜግነት ቶሎ ማግኘት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ተጀምሮ በ2016 በቆመው ማቭኒ በተባለው የምልመላ ፕሮግራም ደግሞ ጦሩ ከፈለጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ስለዚህ በታኮማው ጆይንት ቤዝ ሉዊስ ማኮርድ፣ በቨርጂኒያው ፎርት ቤልቮር ወይም በኮሪያው ካምፕ ሃምፍሪስ ቻፕል (የሰፈሩ ጸሎት ቤት) ውስጥ «የየት ሰፈር ልጅ ነሽ?» ብላ በአማርኛ የምትጠይቅሽ ሴት ብታገኚ አትገረሚ።

ኅብረታችን ፕሮቴስታንት ዊመን ኦፍ ዘ ቻፕል ይባላል፤ በአጭሩ ፒዎክ እንለዋለን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ቤተሰቦች ወደ ጀርመን መግባት ጀመሩ። ከእናት ከእህት ርቀው በፈራረሰ አገር የሰፈሩ ሴቶች በየቻፕሉ ተሰበሰቡ፤ ኅብረቱ ቅርጽ የያዘው እዚያው ጀርመን በ1950ዎቹ ነው። ካቶሊኮቹም የራሳቸው አላቸው። የእኛ በቻፕሊኑ ኃላፊነት ሥር ነው። ቻፕሊን መኮንን የሆነ የሃይማኖት አገልጋይ ሲሆን የቻፕሊኖች ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1775 ጀምሮ በጦሩ ውስጥ አለ። ባፕቲስቷ፣ ሉተራኗና ጴንጤቆስጤዋ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናሉ፤ ስለ ጥምቀትና ስለ ልሳን ክርክር አንከፍትም። ኦርቶዶክስ የሆኑ ያገሬ ልጆችም ይመጣሉ። በሁዳዴ የምስር ወጥና ሽሮ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ሌሎቹም ከዚያው ይበላሉ።

አዲስ የመጣችን ሴት መቀበል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኛ ሐበሾች እንግዳ እናከብራለን፤ አስቀምጠን እናበላለን፣ እጇን ውኃ አናስነካትም። በጦር ሰፈር ግን እንግድነቷ ሲረዝም ሴትዮዋ ባይተዋር ሆና ትቀራለች፤ ሳትለምድ ዝውውሯ ይደርሳል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ሥራ እሰጣታለሁ። ኩባያ ትደርድር፣ ክፍሉን ታንብብ፣ ለወለደችው እህት ከሚወሰደው ምግብ ሾርባውን እሷ ትሥራ። የምትጠበቅ ሴት ትመጣለች። ሌላው ነገር የልጆች ጠባቂ ነው። ስብሰባችን በሥራ ቀን ጠዋት ስለሆነና ባሎች ስለማይኖሩ፣ ከቻፕሉ ጋር ተነጋግሮ የሕፃናት ክፍሉን ያላስከፈተች መሪ ምንም ያህል ጥሩ ትምህርት ብታዘጋጅ የምታስተምረው ባዶ ወንበር ነው።

ማዕረግን በተመለከተ ጥብቅ ነኝ። የወታደር ሚስት ማዕረግ የላትም፤ መኮንንና ተራ ወታደር እንዳይቀራረቡ የሚከለክለው ደንብም ሚስቶችን አይመለከትም። ሆኖም የኮሎኔሉ ሚስት ስትናገር ሌላዋ ዝም ማለቷ አይቀርም። እኛ ዘንድ በስም እንጠራራለን፤ ባልሽ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ የለም። በዕድሜ የምትበልጠኝን ሴት በደረቅ ስሟ መጥራት ለእኔ ለሐበሻዋ ከብዶኝ ነበር። ዛሬም «እትዬ» ብላቸው ደስ ይለኛል፤ ትርጉሙን ነግሬያቸው የተቀበሉኝ አሉ። ራሳቸው ወታደር የሆኑ እህቶችም አሉን። እነሱ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ በምሳ ሰዓት ብቅ ስለሚሉ ለእነሱ ሌላ ሰዓት ማመቻቸት ግድ ነው፤ ኅብረቱ የሚስቶች ብቻ ከመሰለ ይርቁናል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የጸሎት ርዕስ ነው። አገር ቤት ሴት ሁሉን ዘርዝራ ታስጸልያለች፤ ማን፣ የት፣ መቼ። እዚህ የባልሽ ክፍል መቼ እንደሚንቀሳቀስ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የትኛው ቀን እንደሚመለስ መናገር ክልክል ነው። በስልክ ቡድን ላይ የተጻፈ አንድ ቀን የሰዎችን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። «ለመንገደኞች ጸልዩልኝ» ብትል ይበቃል፤ እግዚአብሔር ቀኑን ያውቀዋል። ከዚህ ባላነሰ የሚያስፈራኝ በጸሎት ስም የሚሄደው ወሬ ነው። የአንዷ ትዳር መናወጥ በጸሎት ርዕስነት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ከዞረ ያ ኅብረት አብቅቶለታል፤ ሴቶቹ መምጣታቸውን ባያቋርጡም ልባቸውን ቤታቸው ትተው ይመጣሉ። በእኔ ክፍል ደንቡ አንድ ነው። እያንዳንዷ ስለ ራሷ ብቻ ታስጸልያለች።

ግዳጅ የራሱ ወቅቶች አሉት፤ አገልጋይ ማወቅ አለባት። ባሎች በሄዱበት ሳምንት ሁሉም ይደውላል፣ ቤቱ በምግብ ይሞላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ስልኩ ይቆማል፤ መኪናው የሚበላሸው፣ ልጁ የሚታመመው፣ ሌሊቱ አልነጋ የሚለው ያኔ ነው። እኔ ለዚያ ጊዜ እቆጥባለሁ። የቆዩት እህቶች እንደሚነግሩን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የኢራቅና የአፍጋኒስታን ግዳጅ ከ12 ወር ወደ 15 ወር ሲራዘም፣ ቀን ቆጥረው ሊጨርሱ የነበሩ ሴቶች እንደገና ከመጀመሪያው እንደ መጀመር ሆኖባቸው ነበር። ያን ጊዜ ኅብረቱን አጽንቶ ያቆመው ትምህርቱ እንዳልሆነ ይመሰክራሉ። ሣር ያጨደላቸውን፣ ልጅ ያደረሰላቸውን ነው የሚያስታውሱት።

ኮሪያ ሳለን ወደ ቹንቾን ሄጄ በኮሪያ ጦርነት የዘመተውን የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በየዙሩ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ከተጓዙት ወታደሮቻችን ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል። አብረውኝ የነበሩት አሜሪካውያን እህቶች ወዲያው የጠየቁኝ «ሚስቶቻቸውስ እንዴት ሆኑ?» ብለው ነበር። እኛ በየቀኑ በስልክ ፊት ለፊት እየተያየን የምናማርረውን ናፍቆት፣ እነዚያ የአዲስ አበባ ሴቶች በደብዳቤ ብቻ ችለውታል። ልጅ ሆኜ የማውቃቸው የሰፈራችን አሮጊቶች ስለ ዘመቻ ሲነሣ ለምን ዝም ይሉ እንደነበር የገባኝ እዚያ ነው።

ባል ሲመለስ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቤቱን ብቻዋን ስታስተዳድር የቆየች ሴት ቁልፉን፣ ሒሳቡን፣ የልጆቹን ሥርዓት ሁሉ ይዛለች፤ እሱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። በእነዚያ ሳምንታት ከኅብረት ብትቀር አልደውልላትም። ከወር በኋላ ግን እደውላለሁ፤ ችግር ካለ የሚታየው የደስታው ሰሞን ካለፈ በኋላ ነውና።

እዚህ ላይ ላገሬ ልጆች በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በቤቷ የምትደበደብ ሴት «ታገሺ፣ ጸልዪ» ተብላ መመለስ የለባትም። እኔ በጎ ፈቃደኛ እንጂ ቻፕሊን አይደለሁም፤ ምስጢርን በሕግ የመጠበቅ ግዴታም መብትም ያለው እሱ ነው። ስለዚህ እጇን ይዤ እስከ ቢሮው በር አደርሳታለሁ። በየሰፈሩ ፋሚሊ አድቮኬሲ የሚባል ክፍል አለ፤ የባሏ አዛዥ ሳይሰማ እርዳታና ሕክምና የምታገኝበት የተወሰነ ሪፖርት የሚባል መንገድ እንዳለም እዚያ ያስረዷታል። «ወረቀቴ በእሱ እጅ ነው፣ ከተናገርኩ ያስባርረኛል» የሚል ፍርሃት ብዙዎቻችንን አስሯል። በደል የደረሰባት የአሜሪካዊ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ባሏን ሳታስፈቅድ በራሷ ስም ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት እንድትችል ሕጉ ይፈቅድላታል። ይህን የማታውቅ የሴቶች መሪ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቷ እኩል ልታጠናው ይገባል።

ሞትም ይመጣል። እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ያረዳል፣ የሚደግፍ ክንድ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። በጦር ሰፈር ሁለት ሰዎች ሙሉ ዩኒፎርም ለብሰው በር ያንኳኳሉ፤ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ቻፕሊን ነው። ከዚያ በኋላ ለቤተሰቡ ጉዳይ አስፈጻሚ መኮንን ይመደባል፣ ወረቀቱ ሁሉ በሥርዓት ይሄዳል። ሠራዊቱ የማይሰጠው አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ነው። አሜሪካውያን እህቶቼ ደጎች ናቸው፤ ምግብ በሰዓቱ ያመጣሉ፣ ልጆቿን ይወስዱላታል፣ ከዚያ «ብቻዋን እንተዋት» ብለው በጨዋነት ይወጣሉ። እኔ ከዚያ ቤት አልወጣም። ለቅሶ ቤት መዋልና ማደር ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፣ የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቡና አፍልቼ፣ የመጣውን ስልክ እመልሳለሁ። ጥቅስ አልጠቅስላትም። ይህን አይተው አብረውኝ ማደር የጀመሩ እህቶች አሉ፤ ዛሬ በየሄዱበት ሰፈር እንዲሁ ያደርጋሉ።

ማስረከብን በአጭሩ ልናገር። የመሪነት ወንበር የያዘች ሁሉ ከገና በኋላ አጠገቧ ምክትል ታስቀምጥ። የማስረከቢያ ደብተር ትጻፍ፤ የሕፃናቱ ክፍል እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ወጪ እንዴት እንደሚፈቀድ ይግባበት። የእህቶች ምስጢር ግን በዚያ ደብተር አይጻፍም። ከሄደች በኋላ ከሩቅ እየደወለች «እኔ እያለሁ እንዲህ ነበር» የምትል መሪ ተተኪዋን ታደክማለች። እህትነቱ ይቀጥላል፤ ሥልጣኑ ግን እዚያው ሰፈር ይቀራል።

በአሌክሳንድሪያ፣ በሲያትልና በታኮማ፣ በየጦር ሰፈሩ አቅራቢያ ላላችሁ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች አንድ ልመና አለኝ። ባሏ ግዳጅ ላይ ያለች እህት በመካከላችሁ ካለች፣ የመሰናበቻውን ጸሎት ከጸለያችሁላት በኋላ አትርሷት፤ ሦስተኛው ወር ላይ ቤቷ ሂዱ፣ ልጆቿን ለግማሽ ቀን ውሰዱላት። በእንግሊዝኛዋ አፍራ ወደ ቻፕሉ መሄድ የፈራች ከሆነ ከእናንተ አንዷ የመጀመሪያውን ቀን ትሸኛት። ለእሷም የምለው ይህን ነው፤ ወደ አዲስ ሰፈር በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት ለቻፕሉ ቢሮ ደውለሽ የሴቶች ኅብረት በየትኛው ቀን እንደሚሰበሰብና የልጆች ጠባቂ እንዳለ ጠይቂ። ዕቃሽ እስኪፈታ አትጠብቂ።