ቅጂና ምንጩ፤ ቫልቭን ስለሚያስመስሉ የጊታር አምፕሊፋየሮች

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ላይን 6 የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «አክሲስ 212»ን ካወጣ ወዲህ፣ በስሌት የሚሠሩ የጊታር አምፕሊፋየሮች የቫልቭን ድምፅ ፍጹም አድርገው ይመስላሉ እየተባለ ይነገራል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን አባባል ልንመረምር አስበናል።

አስቀድሞ ምንጩን እንወቅ። ቫልቭ አየሩ የወጣለት የመስተዋት ዕቃ ነው። በውስጡ የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ወደ አኖድ ይልካል፤ በመካከል ያለው ግሪድም ከጊታሩ የመጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ፍሰቱን ያበዛዋል ወይም ይቀንሰዋል። ክሩ በኃይል ሲመታ ቫልቩ ከዐቅሙ በላይ ስለሚጠየቅ፣ የሞገዱ ጫፍ ይጎብጥና ቀድሞ ያልነበሩ ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ። መሐንዲሱ ጉድለት ያለውን ይህን መዛባት የጊታር ተጫዋቹ ውበት ብሎ ተቀበለው።

ይህንም ለማስመሰል ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሰርኪቱን እያንዳንዱን ክፍል በሒሳብ ጽፎ መፍታት ነው፤ ሁለተኛው የውስጡን ሳይጠይቁ የገባውንና የወጣውን ድምፅ አነጻጽሮ መማር ነው።

ሁለቱም ግን ዕንቅፋት አለባቸው። ስሌቱ በሴኮንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ ከሆነ፣ ከ24,000 በላይ የሚርገበገብ ድምፅ ሊይዝ አይችልም። በሴኮንድ 5,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሲዛባ ሰባተኛው ሃርሞኒክ 35,000 ይሆናል፤ ይህም ተመልሶ በ13,000 ላይ ይሰማል። 13,000 የ5,000 ብዜት ስላልሆነ ባዕድ ድምፅ ነው። መድኃኒቱ ናሙናውን አብዝቶ ማስላትና ትርፉን ማጣራት ስለሆነ፣ ይህስ ይታረማል። በመማር የተገኘው ቅጂ ደግሞ የሚያውቀው የተማረበትን የቁልፍ አቀማመጥ ብቻ ነው። ስፒከሩም ብዙ ጊዜ የሚቀዳው በአንድ ስፍራ በቆመ ማይክሮፎን ነው። ስለዚህ መሣሪያው የሚመስለው በክፍል ውስጥ የቆመውን አምፕሊፋየር ሳይሆን የተቀዳውን ድምፅ ነው።

ይሁን እንጂ ዋናው ትችታችን ይህ አይደለም። በ1962 ገደማ በሎንዶን የጂም ማርሻል ሱቅ ሰዎች የአሜሪካውን ፌንደር ባስማን ቀድተው ጄቲኤም45 የተባለውን ሠሩ። ሰርኪቱ ያው ሆኖ ሳለ ትራንስፎርመሮቹን ከአገራቸው ገበያ ገዙ፤ በአራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ፈንታም ጀርባው በተዘጋ ሣጥን አራት ባለ 12 ኢንች አደረጉ። ቅጂው ምንጩን አልመሰለም፤ ባለመምሰሉም አዲስ ድምፅ ለዓለም ሰጠ።

እንግዲህ የማርሻል ቅጂ ፍሬ ያፈራው ከምንጩ በተለየበት ቦታ ነው። የዛሬው ቅጂ ግን ልዩነትን ሁሉ እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያርማል። እኛ ራሳችን የቫልቭን ድምፅ መጀመሪያ ያወቅነው ከቅጂው ስለሆነ ውለታውን አንክድም፤ ከባዱንና ውዱን ዕቃ መግዛት ለማይችል ተማሪ በር ከፍቶለታል። ነገር ግን በበሩ ገብተን የምናገኘው የአያቶቻችንን ዘመን ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ የእኛ ዘመን ድምፅ ከየት ይመጣል? ስሌት ቫልቭ ሊሠራው የማይችለውንም ሊሠራ ይችላል። ሠሪዎቹ በታማኝነት ብቻ መመዘናቸውን ትተው ይህን ቢሞክሩ መልካም ነው እንላለን። ስሕተት ያገኘብን አንባቢ ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።