ሕግና ትኋን፤ የመኖሪያ ቤት ተባይ ማጥፊያ ደንብ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲመዘን

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሕጋችን የመኖሪያ ቤትን ተባይ በምን ዐይን እንደተመለከተው ነው። ለመመዘኛም እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን መርጠናል። ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠራ ቤት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለትኋን ማደሪያ ይሆናል። ጠበልተኛው በተከራየው ክፍል ሰንብቶ ለሌላ ሲለቅ፣ ተባዩ በጓዝ ይገባል፣ በጓዝም ይወጣል።

በ1951 ዓ. ም. የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት በየቤቱ ዲዲቲ ይረጭ የነበረው በሠለጠነ ሰው እጅ ነው። ወባ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ላለው እንጦጦ ግን ያ ዘመቻ የታሰበ አልነበረም።

በ2002 ዓ. ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኀኒት እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥም ከልክሏል። ይህ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ዐዋጁ አጥብቆ የሚጠብቀው ጠርሙሱን ነው። ለእርሻ የተሠራው ማላታይን በውሃ ጠርሙስ ተቀንሶ በጕልት ከተሸጠ በኋላ፣ ምልክቱም ማስጠንቀቂያውም ይቀራል። ገዥው መጠኑን ሳያውቅ ሕፃን በሚተኛበት አልጋ ሥር ይረጨዋል። ትኋኑም ሁሉ አይሞትም፤ የተረፈው በስንጥቁ አልፎ ወደ ጎረቤት ይሸሻል። ስለዚህ የአንዱ ክፍል ርጭት የግል ጕዳይ ነው ለማለት አይቻልም።

በ2016 ዓ. ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ትኵረቱ በኪራዩ ዋጋ፣ በውሉ ዘመንና በምዝገባው ላይ ነው። እንግዲህ አንዱ ሕግ ጠርሙሱን፣ ሌላው ውሉን ሲጠብቅ፣ ግድግዳውን የሚጠብቅ አጣን።

መንግሥት በየመኝታ ቤቱ ሊገባ አይችልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀድሞውኑ በየቤቱ ትገባለች፤ ከምታስተምራቸውም አንዱ ነፍሳትንና አይጥን መከላከል ነው። የጐደለው ትምህርቷን የሚደግፍ የወረዳ ደንብ ነው።

በእኛ አስተያየት ደንቡ ሦስት ነገር ቢይዝ ይበቃል፤ አከራዩ ተከራይ ከማስገባቱ በፊት ስንጥቁን ይምረግ፤ መርዝ የሚረጭ ሁሉ ጎረቤቱን አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ከመጀመሪያ ዕቃው የተቀዳ መርዝም በገበያ ሲገኝ ይወረስ። ጭቃና ጭድ በእንጦጦ አይጠፋም፤ ወጪውም መርዝ ከጠጣ ሕፃን ሕክምና ያንሳል።