በነፃ ውድቀት ላይ የረጋ አካል፦ የጀማሪ ዘላይ ሥራ እንዴት ይመዘናል?

ከአውሮፕላን ዘልሎ ፓራሹቱን እስኪከፍት ድረስ በአየር ላይ የሚወርድን ተማሪ በቪዲዮ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው ድፍረቱን ነው። ድፍረቱ ግን የአውሮፕላኑ በር ላይ ያበቃል። ከበሩ በኋላ የሚጀምረው ሥራ ሌላ ነው፤ መመዘኛውም እንዲሁ። ጥሩ ጀማሪ የሚታወቀው አካሉን ዘና አድርጎ ካረጋ በኋላ በሚተርፈው ትኩረት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለመረዳት የጣና ዳር ሰው ከሌላው የቀረበ ነው። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍን ሰው ልብ ብሎ ያየ ያውቀዋል። የደንገል ታንኳ ቀላል ናት፤ ከጎን የመጣ ማዕበል ያንገላታታል። ለማጅ ቀዛፊ ዓይኑን ከታንኳዋ አይነቅልም። ወገቡ ይደርቃል፤ ባዘነበለች ቁጥር ወደ ተቃራኒው ጎን ይወረወራል፤ በዚህም ማዘንበሏን ያባብሰዋል። የበሰለው ግን ወገቡን ለታንኳዋ ትቶ ዓይኑን ለነፋሱና ለዳርቻው፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ከሆነም ለጉማሬው ይሰጣል። ሁለቱም ወደብ ሊደርሱ ይችላሉ። ሙያ ያለው ግን አንደኛው ጋ ብቻ ነው።

ሰው በአየር ላይ ረግቶ መውረድ መቻሉ ራሱ ለረጅም ጊዜ አጠራጣሪ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ብዙዎች በነፃ የሚወድቅ ሰው ራሱን ይስታል፣ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ሌስሊ ኧርቪን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1919 በአሜሪካ ኦሃዮ ዘልሎ ፓራሹቱን በገዛ እጁ ሲከፍት ይህ እምነት ፈረሰ። ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ቢሰበርም አእምሮው አልከዳውም። ይሁን እንጂ ራስን አለመሳት አንድ ነገር፣ መርጋት ደግሞ ሌላ ነው። ደረትን ወደ ምድር አድርጎ፣ እጅና እግርን ዘርግቶ የመውረድን ብልሃት በማሳየት ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሊዮ ቫለንቲን ሲሆን ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። አለመርጋት ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንኑ ጆሴፍ ኪቲንገር እ.ኤ.አ. በ1959 አየ። ከ23 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲዘል እንድታረጋው የተሠራችው ትንሽ ፓራሹት ያለጊዜዋ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። በደቂቃ 120 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ ራሱን ሳተ፤ ያተረፈው በራሱ ጊዜ የተከፈተው መጠባበቂያ ፓራሹት ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የትሪኒዳድ ተወላጁ ሁበርት ጁሊያን እ.ኤ.አ. በ1930 ከዘውድ በዓሉ በፊት አዲስ አበባ መጥቶ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት በፓራሹት ወርዷል። ለዚህም ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግ አግኝቷል። ሽልማቱ የተሰጠው ለድፍረቱና በሰላም ለማረፉ ነበር። አየር ወለድ ሲባልም ሕዝቡ የሚያስበው ከአውሮፕላኑ ጋር በታሰረ ገመድ ፓራሹታቸው ወዲያው የሚከፈትላቸውን ወታደሮች ነው። ይህ ዝላይ ብርቱ ልብ ይጠይቃል። በአየር ላይ ለደቂቃ ያህል ረግቶ መቆየትን ግን ስለማይጠይቅ፣ ዓይናችን ነፃ ውድቀትን ለመመዘን ከዚያ የሚወርሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ አካሉ እንዴት እንደሚረጋ እንይ። ዘላዩ በ10 ወይም 12 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የአየሩ ግፊት ከክብደቱ ጋር ስለሚመጣጠን ፍጥነቱ አይጨምርም። ዳሌውን ወደ ፊት ገፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ እጅና እግሩን ለአየሩ ሲተው ሰውነቱ የደጋን ቅርጽ ይይዛል። ከባዱ ክፍል ዝቅ ይላል፤ እጅና እግር ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ቢያዘነብል እንኳ አየሩ ራሱ ይመልሰዋል። ሚዛኑን የሚጠብቀው ቅርጹ ነው። ተማሪው ሚዛኑን በጡንቻው ልጠብቅ ብሎ ሲታገል ይህንኑ ቅርጽ ያጠፋዋል። ሆዱና ደረቱ የደረቀ፣ ዝርግ የሆነ አካል ሥር የሚመጣው አየር አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያመልጣል። ተማሪውም ይወዛወዛል፤ መወዛወዙ ያስፈራዋል፤ ሲፈራ የባሰ ይደርቃል።

ስለዚህ የሚመዝን ዓይን መጀመሪያ ጣቶች ላይ ይረፍ። ፊት ለካሜራ ብሎ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ጣት ግን አይዋሽም። የተጨበጠ ወይም ተገትሮ የተዘረጋ ጣት ካየን ትከሻውና አንገቱም እንደዚያው ናቸው። እግር ላይ ግን ረዘም አድርገን እንቆይ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚደበቀው እዚያ ነው። ተማሪው እጁን ያያል፣ እግሩን አያይም፤ ሲጨነቅም መጀመሪያ የሚረሳው እግሩን ነው። ጉልበቱን ከመጠን በላይ ካጠፈ ቅልጥሙ በቂ አየር አይገፋም፤ እግሩ ወርዶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከመጠን በላይ ከዘረጋ ወደ ፊት ይነዳል። አንዱ እግር ከሌላው ዝቅ ካለ ደግሞ ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል። ዙሩን በእጁ ሊያቆም ይሞክራል፤ እግሩ ግን መንዳቱን አላቆመም። ስለዚህ የሚዞር ተማሪ ያየ ሰው ከእጁ በፊት እግሩን ይመልከት። ጉልበቱ ለዘብ ብሎ ታጥፎ፣ ቅልጥሞቹ እኩል አየር የሚጫኑ ከሆነ የሌላው አካል ጉድለት ብዙ አያሳስብም።

ከቅርጽ የሚበልጠው መመዘኛ ተማሪው ለመናወጥ የሚሰጠው መልስ ነው። ከበሩ ሲወጣ ያልተንገዳገደ ጀማሪ ብርቅ ነው፤ መንገዳገዱም ነጥብ አያስቀንሰውም። ጥሩው ተማሪ ትንፋሹን ያወጣል፣ ዳሌውን ይገፋል፣ ሌላውን ለአየሩ ይተዋል። ያልበሰለው አራቱንም እጅና እግሩን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅስና የትኛው እንደረዳው የትኛው እንዳበላሸበት ሳያውቅ ይቀራል። ከዚያ ቀጥሎ አጠገቡ የሚወርደው አሠልጣኝ የሚያሳየውን የእጅ ምልክት እንመልከት። ወደ ታች የተቀሰረ አውራ ጣት ዳሌህን ግፋ ማለት ነው፤ ሁለት የተዘረጉ ጣቶች እግርህን ዘርጋ ማለት ናቸው። ዘና በል ለማለትም ራሱን የቻለ ምልክት አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ተማሪው እስኪያርም ድረስ ስንት ሰከንድ አለፈ? እኔ ከሁሉ የማከብረው መለኪያ ይህ ነው። ቶሎ የሚያርም ተማሪ ትኩረት ተርፎታል። አሠልጣኙን እያየ ምልክቱን የማያነብ ተማሪ ግን ትኩረቱን ሁሉ ራሱን በመያዝ ጨርሶታል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የሙያው ትምህርት ራሱ ቅደም ተከተሉን በግልጽ ያስቀምጣል፦ መጀመሪያ ፓራሹትህን ክፈት፣ ሁለተኛ በተወሰነው ከፍታ ክፈት፣ ሦስተኛ ረግተህ ክፈት። መርጋት ሦስተኛ ከሆነ ለምን ይህን ያህል እናከብረዋለን? ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ እየተገለባበጠም ቢሆን በከፍታው ላይ የከፈተ ተማሪ፣ ልርጋ ሲል ከፍታውን ካሳለፈው ይበልጣል። ነገር ግን ከፍታ የሚያሳልፈው በብዛት ማን እንደሆነ እናስብ፤ ከራሱ አካል ጋር እየታገለ የከፍታ መለኪያውን ማየት የዘነጋው ነው። ዘና ማለት ለሁለቱ ቀዳሚ ግዴታዎች የሚሆነውን ጊዜ ያስገኛል። በዚህ ምክንያት የመክፈቻው ቅጽበት ከሁሉ የጠራ ፈተና ነው። ቀኝ እጅ ወደ መክፈቻው ሲሄድ ግራው በዚያው ልክ ከራስ በላይ መምጣት አለበት፤ አለዚያ አካል ወደ አንድ ጎን ይገለበጣል። ይህን ሳይቸኩል፣ መለኪያውን አይቶ የፈጸመ ተማሪ ሥራው የተሟላ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ዘና ማለት የተፈጥሮ ስጦታ ነው የሚለው ነው። ልቡ እየመታበት ጣቱ የላላ ተማሪ መኖሩ ይህን ያፈርሰዋል። ፍርሃትን ማጥፋት አይጠበቅበትም። ትንፋሽን ማውጣትና ጡንቻን መልቀቅ መሬት ላይ ተኝቶም፣ አየር ከታች ወደ ላይ በሚነፍስበት የነፋስ ማማ ውስጥም የሚለመድ ሥራ ነው። ደጋን መሥራት ራሱ ጉልበት አይጠይቅም ወይ ለሚለውም፣ ጉልበቱ ዳሌ ላይ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ይለቀቅ። በሰላም ካረፈ ምን ቀረ የሚል ካለ ደግሞ፣ ዛሬ ተማሪው ባይከፍት በራሱ የሚከፍት መሣሪያ በጀርባው ስላለ በሰላም ማረፉ የሥራውን ጥራት አይመሰክርም።

ይህ ሚዛን በጣና ዳር ይበልጥ ይጠብቃል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠለሉ በስድስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ሰው በፍጥነት ይወድቃል፤ ልዩነቱ 10 በመቶ ይጠጋል። በአሜሪካ ዘላዮች ማኅበር ደንብ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ4,572 ሜትር በላይ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን አይዘለልም። ይህም ከባሕር ዳር መሬት ሲቆጠር 2,770 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ተማሪ በ1,700 ሜትር ላይ ይክፈት ከተባለ ለነፃ ውድቀት የሚቀረው 25 ሰከንድ አይሞላም፤ በባሕር ጠለል ካለ ሜዳ ከ4,000 ሜትር የሚዘል ተማሪ ግን 50 ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ አለው። የመጀመሪያዎቹን 15 ሰከንዶች ደርቆ የሚያሳልፍ ጀማሪ እዚያ የሚማርበት ጊዜ ይተርፈዋል፤ እዚህ አይተርፈውም። በሐይቁ ዳር ይህን ስፖርት ለማስተማር የሚያስብ ሁሉ ተማሪዎቹን መጀመሪያ ዝቅ ባለ አገር ያሠልጥን፤ ጣታቸው ላልቶ፣ እግራቸው ረግቶ፣ ምልክት ሲያዩ ወዲያው ማረም ሲችሉ ብቻ ወደ ባሕር ዳር ያምጣቸው።