ገብስ የገባበት እንጀራ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራ ጋግሬ ለሐበሻ ሱቆች አስረክባለሁ። ደንበኛው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብሎ ነው። አይከፋኝም፤ እዚህ አገር በጤፍ ስም ስንት ዓይነት ዱቄት ተበልቷል! የቀደሙት ስደተኞች ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ነበር የሚጋግሩት። ቤኪንግ ፓውደር ስላለበት ሳይቦካም ዓይን ያወጣል፣ ጣዕሙ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ አይዳሆ ላይ ጤፍ መዝራት ከጀመረ ወዲህ ነው ነገሩ የተሻሻለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህልና ዱቄት እንዳይወጣ ስትከለክል የተጋገረውን አልነካችውም፤ ስለዚህ ዛሬም እንጀራ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል።

እኔ ግን ያደግሁት ሰላ ድንጋይ ነው። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫቸው ያደረጓት ያቺ ደጋ የገብስና የባቄላ አገር ናት። ጤፍ ከወይና ደጋው በገበያ ይመጣና ለዓውደ ዓመት፣ ለእንግዳ ይወጣል። የዘወትሩ እንጀራ ገብስ ነበር፤ ቢበዛ ቅይጥ። ንጹሕ ጤፍ የሁላችንም ትዝታ አይደለም።

ስለዚህ ለአንዳንዱ ምጣድ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ገብስ አደርገዋለሁ። ሥራው ያለው አብሲቱ ላይ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ሊጡን አያይዞ አረፋውን የሚያቆይለት አብሲቱ ነው። ከቦካው ሊጥ ቀንሼ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰልሁ አበስለዋለሁ፤ ወፈር ሲል አውርጄ፣ በረድ ሲል እመልሰዋለሁ። እንደጋለ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል። ገብስ ሲኖርበት አብሲቱን ጨመር አደርጋለሁ፤ ያለዚያ እንጀራው በማግሥቱ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ሰላ ድንጋይ በብርዱ ምክንያት ቡሆው ምድጃ ይጠጋ ነበር፤ እዚህ በሐምሌ ሙቀት ቶሎ እንዳይመጥጥ ምድር ቤት አወርደዋለሁ። አክንባሎው ሲነሣ ጠርዙ ከምጣዱ ለቀቅ ይላል፣ እንፋሎቱም ጠላ ጠላ ይሸታል። ያን ጊዜ ልክ መምጣቱን አውቃለሁ።

ገብስ ግሉተን አለው፤ ለማይስማማው ሰው ጉዳት ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ «ገብስ አለበት» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። ባለሱቁ «እትዬ፣ ጽሑፉን ብታሳንሺው ይሸጥ ነበር» ይለኛል። አላሳንሰውም። እንደ እኔ በገብስ እንጀራ ያደጉት የመንዝና የደብረ ብርሃን ሰዎች ጽሑፉን አይተው ነው የሚያነሡት።