የአፈወርቅ መስኮትና የባስልኤል ድንኳን

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን (1925–2004 ዓ.ም.) የትዕቢት ምሳሌ ማድረግ ለሰባኪ ቀላል ነው። ከስማቸው ፊት የማዕረግ ሰልፍ ያስቀድሙ ነበር፤ ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕል ፍሎረንስ በሚገኘው የኡፊዚ ሙዚየም ተቀምጧል፤ የአዲስ አበባ ቤታቸውንም «ቪላ አልፋ» ብለውታል። የራእይን መጽሐፍ ያነበበ ሰው በዚህ ስም ቅንድቡን ቢያነሣ አይፈረድበትም። ሆኖም ሰውየውን ከማዕረጉ ብቻ መመዘን ሥራውን አለማየት ነው።

በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የመስታወት ሥዕል እንውሰድ። ሦስት መስኮቶች፣ 150 ካሬ ሜትር ያህል፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርካሉ፤ በመጨረሻው ላይ ችቦ የያዘ ቤተሰብ ወደ ፊት ይጓዛል። የዘይት ቀለም ሥዕል መብራት ከበራለት በሌሊትም ይታያል። ይህ ግን ፀሐይ ከውጭ ካልመጣችለት፣ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ጥቁር ግድግዳ ነው። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ሲከፈት ሠዓሊው ካረፉ 12 ዓመት አልፏቸው ነበር። የተሰነጠቀውን መስታወት የጠገነው የሌሎች እጅ ነው።

ስምን በሥራ ላይ ማኖር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዘጸአት 31 ባስልኤልን ከነአባቱና ከነነገዱ ይጠራዋል። የሠራው ድንኳን ግን ዛሬ የለም። ሙሴ የሠራውን የናስ እባብማ የሰባበረው ጠላት ሳይሆን ጻድቁ ንጉሥ ሕዝቅያስ ነው (2ኛ ነገሥት 18፥4)። ሙሴ ራሱ በመዝሙር 90 ሰውን ከሣር ጋር ካመሳሰለ በኋላ የእጁ ሥራ እንዲጸና ይለምናል። ምኞቱን አልናቀም፤ ማጽናቱን ግን ለሌላ ተወ።

እዚህ ጥርባ ላለ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። በእንጅባራ የሚሸጠውን የቀርከሃ ወንበር የሠራ ሰው ወንበሩ ልጆቹን እንደማይጠብቅ ያውቃል፤ ማሰሪያውን ግን አላልቶ አያስርም።

የአፈወርቅ ድካም የሚታየኝ እንግዲህ በቪላ አልፋ ነው። ራሳቸው ነደፉት፣ ራሳቸው ኖሩበት፣ በራሳቸው ሥራዎች ሞሉት። የመክብብ ሰው በምዕራፍ 2 ያስጨነቀው ጥያቄ፣ ማለትም ከእኔ በኋላ የሚመጣው ምን ዓይነት ሰው ይሆን የሚለው፣ እዚያ ቤት መልስ ያገኘ አይመስለኝም። መስኮቱ ግን ያለ ተከታይ ትውልድ መቆም አይችልም።

እኛ ወንጌላውያን ሥዕል ከግድግዳችን ካወረድን ቆይተናል። በመሠረት ድንጋዮቻችን ላይ የተቀረጹትን ስሞች ግን እስካሁን የቆጠረ የለም።